የጠዋቱ ሐኪምና የከሰዓቱ ሐኪም

ትናንት የልጅ ልጄ ሜሮን ጉንጯን ይዛ መጣችና ሁለት ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንደኛው የግል የጥርስ ክሊኒክ የጻፈላት ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ከመንግሥት ሆስፒታል የተሰጣት ቀጠሮ። በግሉ ዛሬውኑ ገብታ ዛሬውኑ ትገላገላለች፤ ግን የወር ደመወዟ እኩሌታ ይሄዳል። በመንግሥቱ የምትከፍለው ለባጃጅ ከምታወጣው ብዙም አይበልጥም፤ ቀጠሮው ግን ገና ወር ይቀረዋል።

«እማማ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?» አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ ወረቀቶቹን አየኋቸው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ በቁጥር ግን ማንም አያታልለኝም። አየሁና ሳቄ መጣ። ልጅቷ እያመማት ሳቅኩባት፤ ይቅር ትበለኝ። የሳቅኩት ይህንኑ ጥያቄ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ተጠይቄ፣ ከሁለቱ አንዱንም አልመርጥም ብዬ አገር ያስቸገርኩበት ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። የምንኖረው ከደቻቱ ወዲያ፣ መጋላ በሚባለው በኩል ነበር። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚተኛ አሸዋ ነው፤ ደጋው ሲዘንብ ብቻ እየጮኸ ይወርዳል። አሸዋውን ሲሻገሩ ከዚራ አለ፤ የባቡር ጣቢያው፣ ዛፍ የተሰለፈበት መንገድ፣ ጋሪው፣ የፈረንጆቹና የባለመደብሮቹ ቤት። የድሬ ዳዋ ሙቀት ለሁሉም እኩል ነው፤ ጥላዋ ግን እኩል አልነበረም። ጥላው ከዚራ ነበር።

አባቴ በልጅነቴ ሞቷል። እናቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ እኔ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበርኩ። ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ቡና ለጅቡቲ ከመጫኑ በፊት በእኛ እጅ ያልፋል። ስልሳ ሰባ ሴት መሬት ላይ ተቀምጠን ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን እንለቅማለን። ሐሜቱም፣ ዘፈኑም፣ ስድቡም እዚያው ነው፤ በአማርኛ የተጀመረ ስድብ በኦሮምኛ ቀጥሎ በሱማሌኛ ያልቃል።

ጆንያ በገባ ቁጥር ደግሞ ቡናው በደንብ መድረቁን የሚመሰክር ያስፈልጋል። ዛሬ መለኪያ መሣሪያ አለው ይላሉ። ያኔ መሣሪያው ጥርስ ነበር። የሥራው አለቃ፣ ካቦው፣ ጥርሷ ጠንካራ የሆነችውን ልጅ ይመርጣል፤ እሷ ከየጆንያው ጥቂት ፍሬ እየነከሰች ትፈርዳለች። የደረቀው ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥቡ ጥርስ አስገብቶ ዝም ይላል። ይህችን ልጅ ነካሽ ይሏታል። ነካሽ ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ ትቀመጣለች፤ ባለቡናውም ሆነ ካቦው ፊቷን ፊቷን እያየ ፍርዷን ይጠብቃል። እኔ ነካሽ ነበርኩ። አንድ ነጋዴ ሳንቲም እጄ ላይ አስቀምጦ «ደርቋል በይ» ቢለኝ፣ ሳንቲሙን ጆንያው ላይ መልሼ «አልደረቀም» ብዬ ጮኼበት አውቃለሁ። ካቦው ከዚያ ወዲህ ይወደኝ ነበር፤ ትንሽም ይፈራኝ ነበር።

አንድ ቀን ፍሬ መስሎኝ የነከስኩት ጠጠር ሆነ። ከላይኛው የፊት ጥርሴ ጎን ስንጥር ወጣች። ለጊዜው ብዙም አላመመኝም፤ ዝም አልኩ። ወራት ሲያልፉ የተሰነጠረው ጠቆረ፣ ጥቁሩ ጉድጓድ ሆነ። ግንቦት ሲገባና ሙቀቱ ሲብስ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። ከቀፊራ በር ላይ የምገዛው ሙሸበክ፣ ያ ማሩ የሚንጠባጠበው፣ ሲነካኝ እንባዬ ዱብ ይላል። እናቴ ቅመም ሻጭ ስለሆነች ቅርንፉድ አላጣሁም። አፌ ቅርንፉድ ቅርንፉድ እያለ፣ «ይቺ ልጅ ሊቀቅሏት ነው እንዴ?» እያሉ ለቃሚዎቹ ይስቁብኝ ነበር።

የሕመሙስ ይሁን። የከበደኝ ሌላ ነው። ፍንጭት ነበርኩ። መልኬ መካከለኛ ነው፤ ስስቅ ግን ፍንጭቴ ከመልኬ ቀድሞ ይታይ ነበር። የታመመው ጥርስ ከሁለቱ የፊት ጥርሶች አንዱ ነው። እሱ ከወጣ ፍንጭት የነበረው በር ሆነ ማለት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ።

እናቴን ግን ይህ አልገባትም። «መንግሥት ሐኪም ቤት ሽልንግ ከፍለሽ አስነቅይና ተገላገይ» ትለኛለች።

«የፊት ጥርስ ነው እኮ እማዬ።»

«ጥርስ ነው እንጂ ዓይን አይደለም። እኔ ስድስት አስነቅያለሁ፤ ምን ጎደለብኝ?»

«ስድስት ጥርስ።»

የያዘችውን የእርድ ማንኪያ አነሳችብኝ፤ ሮጬ ወጣሁ።

ቢሆንም አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ወደ መንግሥቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ይሰጡሃል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ። ሰዉ ብዙ ነው። ጉንጩን በሻሽ ያሰረ፣ ልጇን ያዘለች፣ ከጀልዴሳና ከዋሂል ሌሊቱን በእግሩ የመጣ። ከውስጥ አልፎ አልፎ ጩኸት ይሰማል፤ ከዚያ ሳህን ላይ ቃጭል የመሰለ ድምፅ። ጥርሱ ወደቀ ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ያለነው ሁሉ ያን ድምፅ ስንሰማ አንድ ቦታ ወደ ፊት እንጠጋለን።

ሐኪሙ ያኒ የሚባል ግሪክ ነው። ግሪክ ልበለው እንጂ ድሬ ተወልዶ ድሬ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከእኔ አይለይም። መላጣ፣ ክንዱ እንደ ጋሪ ነጂ የወፈረ ሰው። አፌን ከፍቶ በትንሿ መስተዋት አየና «ይነቀላል» አለ፤ ወዲያው ጉጠቱን ለመቀበል እጁን ወደ ረዳቱ፣ ወደ ድሬሰሩ ዘረጋ።

አፌን ገጠምኩ።

«ክፈቺ እንጂ።»

ጥርሴን ነክሼ «ሌላ መላ የለውም?» አልኩት።

«እዚህ? እዚህ መንቀል ነው ያለው። ወረፋው ረጅም ነው የኔ እህት፣ ወይ ክፈቺ ወይ ውጪ።»

ወጣሁ። ሽልንጌን ግን ከፍዬ ነበርና አልመለሱልኝም፤ ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

መጋዘን ስደርስ ከለቃሚዎቹ አንዷ፣ «ከዚራ በግሉ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም አለ፤ ሳይነቅል ይሞላል አሉ» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ካቦውን አስፈቅጄ አሸዋውን ተሻገርኩ። ቤቱን አላጣሁትም፤ በሩ ላይ ትልቅ ጥርስ ተስሏል። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል፣ ወንበሩ ቆዳ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው እጁን ታጥቦ ዞር አለ። ያኒ ነው።

ተያየን።

«አንተ የጠዋቱ አይደለህም?» አልኩት። በድሬ አንቱታ እንግዳ ነው፤ ሐኪምም ብትሆን ዳኛም ብትሆን አንተ ነህ።

«ነኝ። ተቀመጪ።» ተቀመጥኩ። አየኝ። «ይሞላል። አሥራ ሁለት ብር።»

«ጠዋት ይነቀላል አልክ፤ አሁን ይሞላል ትላለህ። ከጠዋት ወዲህ የተለወጠው ጥርሴ ነው ወይስ አንተ?»

ያኒ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና አስረዳኝ። የጥርስ መሙያው ዱቄትና ጠብታ ነው፤ ሁለቱ ተለውሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይደርቃሉ። ለሐኪም ቤቱ እንዲመጣ አዲስ አበባ ጽፏል፤ ዱቄቱ ቀርቶ መልሱም አልመጣም። የዚህኛው ቤት ዱቄት ግን በራሱ ገንዘብ ከጅቡቲ ያስመጣው ነው። ደግሞ ነገረኝ፤ ጉድጓዱ ከሥሩ አልደረሰም፣ ግን ቅርብ ነው። ሁለት ሳምንት ካሳለፍኩ መሙላትም አያድነውም።

አሥራ ሁለት ብር ለእኔ የወር ልቀማ ነው። እናቴ የዕቁብ ዕጣዋ ሊደርስ ነበር፤ ብለምናት እያጉረመረመች እንደምትሰጠኝ አውቃለሁ። ግን ያ ገንዘብ የጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ለአንድ ጥርስ የእናቴን ጣሪያ ማፍረስ አልሆነልኝም። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ገንዘቡ ቢኖረኝም የምሰጠው አይመስለኝም። ጠዋት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዓይኔ ላይ ይመጡ ነበር። በዚያው እጅ ጥርሳቸው ይወጣል፤ ሊድን ይችል እንደነበር እንኳ የሚነግራቸው የለም።

በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየሁት ኮቱ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ብቻ ሰፊዎቹ ትዝ አሉኝ። እኛ ልብስ ስናሰፋ ጨርቁን ራሳችን ይዘን እንሄዳለን። የተሰፋ ልብስ መደብር ገብቶ የሚገዛ ከዚራ ያለ ሰው ነው። መጋላ ያለው ጨርቁን ከኮንትሮባንድ ነጋዴ በቅናሽ ገዝቶ፣ ሰፊው ደጅ ይሄድና የእጅ ዋጋ ብቻ ይከፍላል።

«ዱቄቱን እኔ ባመጣስ?» አልኩት።

«ምን?»

«ዱቄቱንና ጠብታውን ይዤ ብመጣ። ጨርቅ ይዤ ሰፊ ዘንድ እንደምሄደው። የጠዋቱን እጅህን መንግሥት ከፍሎልሃል። እዚያው ትሞላልኛለህ?»

እስኪያስለው ሳቀ። «አቦ! ከየት ታመጫለሽ?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው። ትሞላለህ ወይስ አትሞላም?»

«ካመጣሽ እሞላለሁ።»

«ማል።»

«በሚካኤል።» እየሳቀ የመድኃኒቱን ስም በፈረንጅ ፊደል ጻፈልኝ፤ ማኅተሙንም መታበት። እንደማላመጣው እርግጠኛ ነበር።

ጎረቤታችን ኤዶ ሀሊማ ነበረች። ኤዶ በሱማሌኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ኤዶ ይላታል። በየሳምንቱ በባቡር ጅቡቲ ወርዳ ሽቶ፣ ሽርጥ፣ የሐር ጨርቅ ታመጣለች። ስትሄድ ቀጭን ናት፤ ስትመለስ ወፍራም። ጨርቁን ገላዋ ላይ ጠምጥማ ስለምትመጣ፣ ከባቡር ስትወርድ ያረገዘች ይመስላል፤ ቤቷ ገብታ ስትፈታው ሦስት ቀሚስ ይወልዳል።

ወረቀቱን ስሰጣት አገላብጣ አየችው። «ወላሂ፣ ከጅቡቲ ያላመጣሁት የለም። ጥርስ ግን አምጥቼ አላውቅም» አለችኝ። ያጠራቀምኩትን ሦስት ብር ሰጠኋት። ጎደለ ካለ እሷ ልትሞላ፣ እኔ በቡና ልቀማ ልመልስ ተስማማን።

የሄደችው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። በሚቀጥሉት ቀናት የነበረኝን ስጋት አልረሳውም። ሥራ ላይ መንከሱን ወደ ጎን ጥርሴ አዛወርኩት። ቡና እየለቀምኩ ምላሴን ወደ ጉድጓዱ እየላክሁ እለካለሁ፤ ዛሬ ከትላንት የሰፋ ይመስለኛል። «ለእልህ ብዬ ጥርሴን ባጣውስ?» እላለሁ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ይዛ ነበር።

«ሁለት ሐኪም እያለ ጅቡቲ ላከች! ጅቡቲ!»

«ሁለት አይደሉም እማዬ፣ አንድ ሰው ነው።»

«አንድ ከሆነማ ምን ይከፋል፤ የለመደው እጅ ነው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዕቁቡን ላውጣልሽ?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ወደ ፍንጭቴ ሲሄድ አየሁት። እምቢ አልኳት፤ ግን ያን ቀን በጣም ወደድኳት።

እሑድ ከቀትር በኋላ ኤዶ ሀሊማ ባዶ እጇን፣ በቁጣ እየነደደች መጣች።

«ወሰዱብኝ!»

«ማን?»

«ፈታሹ ነዋ! ያ ባለ መነጽሩ! ጨርቁን አላገኘውም። ሽቶውን አላገኘውም። ጡቴ ሥር የደበቅኳቸውን ያንቺን ሁለት ጠርሙሶች ሴቷ ፈታሽ አገኘቻቸው!»

ሁለት ጣት የማያክሉ የመድኃኒት ጠርሙሶች ናቸው። በእጇ ይዛ ብታልፍ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር።

«ለምን ደበቅሽው ታዲያ? መድኃኒት ነው ብትያቸው ማን ይነካሽ ነበር?»

«እኔ? ለጉምሩክ እውነት?» ደረቷን መታች። «አንድ ቀን እውነት ከነገርኩት ሁልጊዜ ሊጠብቅብኝ ነው!»

ፈታሹ «ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት የጥርስ መድኃኒት ነው ብላዋለች። የማን ጥርስ ሲላት የኔ ብላለች። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አላት። ኤዶ ሀሊማ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ መፋቂያ ከአፏ የማይለይ፣ ሠላሳ ሁለቱም እንደ ጨው የነጡ ሴት ናት። ስትከፍት ጣቢያው በሙሉ ሳቀባት።

«ባለቤቷ ከነጥርሷ ትምጣ ብሏል» አለችኝ።

በማግሥቱ ሰኞ ከነጥርሴ ሄድኩ። የጉምሩኩ ክፍል ሽቶና አዲስ ጨርቅ ይሸታል፤ የተያዘው ዕቃ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ባለ መነጽሩ ሰውዬ ጠርሙሶቹን ፊቱ ደርድሮ ተቀምጧል። የያኒን ወረቀት ሰጠሁት። አነበበና ከመሳቢያው የእጅ ባትሪ አወጣ።

«ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ባትሪውን አበራ። ሁለት ጸሐፊዎች መጥተው በትከሻው ላይ አጎንብሰው አዩ። አንድ ተሸካሚም ጆንያውን አስቀምጦ አየ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ አፌን ግን አልገጠምኩም።

«ጉድጓድ አለ» አለ ፈታሹ።

«አለ» አሉ ጸሐፊዎቹ።

«ቀረጡ ስንት ነው?» አለ አንዱ።

«ለነጋዴ ነው ቀረጥ። ይቺ ለራሷ ነው።» ጠርሙሶቹን ገፋ አደረገልኝ። ልወጣ ስል እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ዝግ ባለ ድምፅ ጠራኝ። «ስሚ እንጂ፣ ይኸ ሐኪምሽ ስንት ነው የሚያስከፍለው?»

«ጠዋት ነው ከሰዓት?» አልኩት።

ማክሰኞ፣ ያኒ የነገረኝ ሁለት ሳምንት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከፀሐይ በፊት ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። ደግሜ ሽልንግ ከፈልኩ። ቆርቆሮዬን ይዤ ተራዬ ሲደርስ ገባሁና ጠርሙሶቹን ከጉጠቱ አጠገብ፣ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኳቸው።

ያኒ ጠርሙሶቹን አየ። እኔን አየ። በሩ ክፍት ነው፤ ወንበሩ ላይ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አስግገዋል።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከጅቡቲ። በባቡር።»

«የኔ እህት፣ እዚህ መቆፈሪያም የለኝ...»

«አለ» አለ ድሬሰሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰውዬ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ከበሩ ጀርባ ሄዶ አቧራ የጠጣ ጨርቅ ገለጠ። እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ መቆፈሪያ ቆሟል። «ከመጣ ስንት ጊዜው፤ የሚሞላ ስለሌለ ነው የተከደነው» አለና ዘይት ሊያመጣ ሄደ።

ያኒ መቆፈሪያውን ተመለከተ። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ማራገቢያ ያለበትን የከሰዓቱን ክፍል ይሆናል፣ ወይም ሚካኤልን። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። «ተቀመጪ» አለኝ።

ድሬሰሩ ይረግጣል፣ ያኒ ይቆፍራል። የሕመሙን ነገር አላወራም፤ የወለደች ታውቀዋለች። ወንበሩን ጨብጬ ውጭ ካለው የኒም ዛፍ ቅጠል ስቆጥር ትዝ ይለኛል። ቆፍሮ ሲጨርስ ዱቄቱን መስተዋት ላይ አፈሰሰ፣ ጠብታውን ጨመረ፣ በትንሽ ማንኪያ በሶ እንደሚበጠብጥ ሰው ፈጠን ፈጠን እያደረገ ለወሰው። ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ጠቀጠቀው፤ ጥጥ ደገፈበት። «አትናገሪ። እስኪደርቅ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ» አለኝ።

እናቴ እዚያ ኖራ ይህን ትእዛዝ ብትሰማ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ዝም ብዬ ተቀምጬ ሳለሁ ያኒ የዱቄቱን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አነሳው። አልተነካም ማለት ይቻላል። «ይኸ ለአንድ ጥርስ አይደለም» አለ፤ «ለሠላሳ፣ ለአርባ ይበቃል። አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ? እኔ ልግዛሽ። አሥር ብር።»

አሥር ብር! የኤዶ ሀሊማን ብድር ከፍዬ፣ ለእናቴ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ጣሪያ። ከጥርስ ሕመም ትርፍ የሚገኝ መሆኑን ማን ያውቃል። አላሰብኩም ብል ውሸት ነው፤ አሰብኩ። እጄም ወደ እሱ ተዘርግታ ነበር። ከዚያ በበሩ በኩል ወንበሩ ላይ የተደረደሩትን አየሁ። ጠርሙሱ ከዚህ ክፍል ወጥቶ አሸዋውን ከተሻገረ፣ ከሰዓት በኋላ ለእያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ብር ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

መናገር ተከልክያለሁ። ስለዚህ ተነሳሁ፣ ጠርሙሱን ከያኒ እጅ ወሰድኩ፣ ለድሬሰሩ ሰጠሁት፤ በጣቴ ወደ አግዳሚው ወንበር አመለከትኩ። ቀጥዬ በጣቴ ወደ ከዚራ አመለከትኩና ጣቴን ግራ ቀኝ ወዘወዝኩት። ለያኒ ለእሱ ለራሱ፣ ፊት ለፊቱ።

ድሬሰሩ ጠርሙሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ያኒ መላጣውን አሸት አሸት አደረገ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። «አቦ፣ ይቺ ልጅ አደረቀችኝ!» አለ፤ ወደ በሩም ጮኸ፤ «ቀጣይ!»

ቀጣዩ ከጀልዴሳ የመጡ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ነበሩ። ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና፣ እንደለመደው ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ። ያኒ መስተዋቷን አስገብቶ አየ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ «አባባ፣ ይነቀል ወይስ ይሞላ?» አላቸው።

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምርጫ አለው እንዴ?» አሉ።

እየሳቅሁ ወጣሁ፤ በተዘጋ አፍ፣ በአፍንጫዬ።

ጠርሙሷ ወር ተኩል ያህል ሠራች። ባለ መነጽሩ ፈታሽም በጠዋት ቆርቆሮ ይዞ ሲሰለፍ ታይቷል። ስታልቅ ለቃሚዎቹ አዋጥተን ኤዶ ሀሊማን ደግመን ላክናት። በዚህኛው ጉዞ እውነቱን ልትናገር ቆርጣ ነበር። «የጥርስ መድኃኒት ይዣለሁ» ብላ ጠርሙሶቹን ራሷ አወጣች። ፈታሹ ይህን ሲሰማ ደነገጠና ሌላ ነገር ደብቃለች ብሎ ሁሉን አስፈታት፤ ሁለት ጥቅል ሐር ተወሰደባት። ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ሆጃ አፍልታ ጠራችኝ፤ በወተት የፈላ የቡና ቅጠል ከጨው ጋር፣ ጥርስ የማይፈልግ መጠጥ።

የያኒ ሥራ ዕድሜ ልክ የጸና ነበር ልል አልችልም፤ ሙሌቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ሆነ፣ ቆይቶም ጥርሱ ራሱ ወደቀ። ግን ሲወድቅ ሠርጌ አልፎ፣ ሦስት ልጅ ወልጄ፣ ሳቄን ስቄ ጨርሼ ነበር። አልቆጨኝም።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያኒን አልኮንነውም። ቤት ኪራይ ነበረበት፣ ልጆች ነበሩት፣ አዲስ አበባም መልስ አልላከለትም። የግል ክሊኒክ መኖሩም አይከፋኝም፤ ያለው ሰው ከፍሎ ጊዜውን ቢገዛ የራሱ ጉዳይ ነው። እስካሁን የሚያቃጥለኝ የሽማግሌው ጥያቄ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው ጥርሳቸውን ያስረከቡ ሰው፣ ሌላ መንገድ መኖሩን የሰሙት ያን ቀን ነው። ድኻ ሰው ውድ ነገር መግዛት አለመቻሉን ይችለዋል፤ ለምዶታል። እንዳለ እንኳ ሳይነገረው ሲቀር ግን ያ ስርቆት ነው። እኔ እንደዚያ ነው የማየው፤ የተማሩት ሌላ ስም ይኖራቸው ይሆናል።

ለሜሮን የቱን እንደምትመርጥ አልነገርኳትም። ጥርሱ የእሷ ነው፣ ደመወዙም የእሷ። ነገ ጠዋት ግን አብሬያት ወደ መንግሥቱ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ወር ሙሉ የሚያስጠብቀው የሐኪም እጥረት ነው፣ የዕቃ ነው፣ ወይስ የሌላ፣ ቀጠሮውን የሰጠቻትን ሐኪም ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ። ሜሮን ከአሁኑ አፍራለች። «እማማ፣ በእግዚአብሔር፣ እዚያ ሄደሽ እንዳትጮኺ» ትለኛለች።

አልጮህም። እጠይቃለሁ እንጂ። መልሱን ሳልሰማ ግን ከወንበሩ አልነሳም።